ለነፋስ የተተወ ቀን

ማታ ከሥራ ስገባ፣ አቧራው ከቅንድቤ ሳይረግፍ፣
ሌንሳ ጠረጴዛው ላይ ናት፣ ደሴት ከደሴት ስታሰልፍ።
አሥር ናቸው አለችኝ፤ አሥሩም ከባሕር ሆድ የወጡ፣
እሳተ ገሞራ ገፍቷቸው አትላንቲክ ላይ የተቀመጡ።
«የአንዱ ስም ትርጉሙ ጨው ነው፤ የአንዱ ግንቦት፤ የአንዱ እሳት።»
«እሳትና ጨው እዚህ አዳማስ መች ጠፋ?» አልኳት፣
«ግንቦትም ቢሆን ሊገባ ነው በሳምንት።»

አልሳቀችም።

የዱቄት ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ቀልድ አታውቅም ከቁጥር ጋር፤
የትኛው ጀልባ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ብር፤
በኤስኩዶ አስልታ፣ በዩሮ መልሳ፣ በእኛ ገንዘብ ስትደርስበት
እርሳሱን አስቀምጣ ዝም ትላለች፣ እንደ ለቅሶ ቤት።

እኔ ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ ነገሩ አልገባኝም ነበር።
ሃያ ሁለት ዓመት ብሎኬት ሳመርት፣ ተራራ ሳስቆፍር፣
ፑሚስ ነው እንጀራዬ፤ የሞተ እሳት አረፋ፣
በሲሚንቶ ተለውሶ የስንቱን ሳሎን ያሰፋ።
ታዲያ ሰው የቀዘቀዘ ድንጋይ ለማየት
ሦስት አውሮፕላን ይቀይራል ወይ? ብዬ ጠየቅኳት።
ሶደሬ ስንሄድ እንኳ በሚኒባስ ሒሳብ የምትሟገት!

«አንተ» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «እኔን የጠራኝ ድንጋዩ አይደለም።
ስንዴው በመርከብ ሲመጣ ስመዘግብ ኖሬአለሁ በቀለም፤
የመርከቡ ስም፣ የደረሰበት ቀን፣ የረጠበ ኩንታል፣ የጎደለ...
ባሕሩን ግን አላየሁትም። ያ ሁሉ ውኃ የት ነው ያለ?»

መልስ አጣሁ።
ወንበር ሳብኩ።

ከዚያ ወዲያ እኔም ገባሁበት። እሳት በተባለው ደሴት
ጣቴ አረፈ። ተራራው ሆድ ውስጥ፣ ከጉድጓዱ ወለል፣ ሰው አለበት፤
በአመድ ላይ ወይን ይተክላል።
ከዓመታት በፊት ተራራው ገንፍሎ ቤታቸውን ውጦት ነበር፤
ተመልሰው መጡ ይባላል፣ ድንጋዩ እንኳ ገና ሳይበርድ፤
በዚያው ቤታቸውን በበላው ድንጋይ
ግድግዳ አቆሙ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ስለ ባሕሩ አይደለም፤
ስለዚያ ግድግዳ ነው። ስንት ሲሚንቶ ይገባዋል? ስንት ቀን ውኃ ይጠጣል?
ማዕዘኑን በምን ያስሩታል? ከሥር ሙቀቱ ሲመጣ አይሰነጠቅም?
«እዚያ ሁለት ቀን ጨምሪልኝ» አልኳት ሲነጋ፣
«ከአንድ ግንበኛ ጋር እውላለሁ፣ በእጅ ምልክት ስናወጋ።»

ሁለት ቀን ከየት ይምጣ? ግንቦት ከተባለው ላይ ቀነሰች፤
የጨዉን ዳርቻ አሳጠረች፣ ሰረዘች፣ መልሳ ጻፈች።
ልጃችን ኦብሳ ከጀርባዋ ቆሞ
«እናንተ እኮ ዋና አትችሉም» አለን፣ ደጋግሞ።

ቀጥሎ የነፋስ ነገር መጣ። ሲበረታ ጀልባው አይነሣም አሉ፤
አንድ ደሴት ላይ ተይዘው ሦስት ቀን የሚያድሩ እንግዶች አሉ።
ነፋስስ ለእኛ ብርቅ ነው? መስኮት ስከፍት ከኮረብታው በላይ
ነጫጭ ክንፎቹ ይሽከረከራሉ፣ ቀን ከሌት፣ ያለ ከልካይ።
የታጠበ ልብስ አቧራ አልብሶ የሚመልስ፣
ያልደረቀ ብሎኬት ጠርዙን የሚልስ፣
ይኸው የእኛው ጉድ ይሆናል እዚያም ተሻግሮ
ጀልባ የሚይዘው አስሮ።

ሌንሳ ሳቀች። በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።
ከአሥራ አራቱ ቀን መሐል አንዷን ሣጥን ባዶ ተወቻት፤
ጀልባ የለም፣ አልጋ የለም፣ ዋጋ አልጻፈችባት።
«ይቺ ለነፋሱ» አለች።

ገንዘቡ ግማሹ አልሞላም። የፓስፖርት ቀጠሯችን ሐምሌ ላይ ነው።
ዛሬ ግን ከማሽኑ ሥር
ጡጫ የምታህል ፑሚስ ለየሁ፣ ለዚያ ግንበኛ የማሳየው።
ቀላል ናት፤ ባልዲ ውስጥ ብጥላት ተንሳፈፈች።
ሻንጣ ላይ ምን ያህል ትመዝናለች?

ለሌንሳ ገና አልነገርኳትም።